በኢንተርኔት ጨረታ ነግዶ ማደር

ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ ታይላንዳዊ ወጣት በ1997 ሒሳብ ሊማር አሜሪካ ገባ፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ። (ከዚህም በታች ያለው የዘመን አቆጣጠር፣ ካልተነገረ በቀር፣ የአውሮፓውያኑ ነው።) እዚያ የሚሸጡት የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት አገሩ ውስጥም ይገኛሉ፤ አሳታሚው ያው ጆን ዋይሊ ነው፤ ትምህርቱም ያው ነው። ለእስያ ገበያ የታተመው ቅጂ ግን ዋጋው እጅግ ይረክሳል። ኪርትሳንግ ቤተሰቦቹና ጓደኞቹ ታይላንድ ውስጥ እየገዙ እንዲልኩለት አደረገ፤ መጻሕፍቱን ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገጽ ላይ እየሸጠ የእነሱን ወጪ መልሶ ትርፉን ለራሱ ያስቀር ጀመር።

በ2008 አሳታሚው ከሰሰው። የመጀመሪያው ፍርድ ከባድ ነበር፦ ለስምንት መጻሕፍት ለእያንዳንዳቸው 75 ሺህ፣ በድምሩ 600 ሺህ ዶላር ካሳ ይክፈል ተባለ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ መጋቢት 2013 ላይ በ6 ለ3 ድምፅ ነገሩ ተገለበጠ። በሕጋዊ መንገድ የታተመን ቅጂ የገዛ ሰው፣ ቅጂው የትም አገር ይታተም፣ መልሶ የመሸጥ መብት አለው ሲል ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ኪርትሳንግ ለጠበቆቹ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስ ሌላ ክርክር ገጥሞ ነበር፤ እሱ ግን አልተሳካለትም።

በኢንተርኔት ጨረታ ዕቃ እየገዙና መልሰው እየሸጡ መተዳደር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ታሪክ ቢነሳ ይጠቀማል። የተማሪው ትርፍ የተገኘው ታይላንድ ውስጥ፣ መጽሐፉ በተገዛበት መደብር ነው። ኢቤይ ትርፉን ወደ ገንዘብ የቀየረበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ንግድ የሚሰጡ ምክሮችና ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሸጥ ብቻ ያወራሉ፤ ስለ ፎቶ አነሳስ፣ ስለ ርዕስ አጻጻፍ፣ ጨረታው እሑድ ማታ ቢያልቅ ስለሚኖረው ጥቅም። እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ፤ በውድ የተገዛን ዕቃ ግን አያድኑም።

ኋላ ኢቤይ የተባለው ገበያ የተከፈተው በመስከረም 1995 ነው። ፒየር ኦሚድያር፣ ፓሪስ ውስጥ ከኢራናውያን ወላጆች የተወለደ የ28 ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ተቀምጦ «ኦክሽን ዌብ» የሚል ገጽ ሠራ። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ሲሆን ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነበር። ኦሚድያር ዕቃው እንደማይሠራ ያውቅ እንደሆነ ገዢውን ሲጠይቀው፣ ሰውየው የተበላሹ የሌዘር ጠቋሚዎች እንደሚሰበስብ መለሰለት። አንዱ የጣለውን ሌላው አጥብቆ ይፈልገዋል፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ አልነበረም። ገጹ በ1997 ኢቤይ ተባለ፤ በ1998 አክሲዮኑ ለሕዝብ ቀረበ። መሥራቹ ገጹን የፈጠረው ለእጮኛው የፔዝ ከረሜላ ማቀፊያዎች መሰብሰቢያ እንዲሆን ነው የሚለው ዝነኛ ወሬ ደግሞ የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ለጋዜጠኞች ብላ የፈጠረችው መሆኑ ኋላ ታውቋል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጨረታን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። ባንክ የያዘውን ቤት ወይም ጉምሩክ የወረሰውን ዕቃ ሲሸጥ በጋዜጣ ያስነግራል፤ ተጫራቹ ሲፒኦ አሲዞ ዋጋውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባል፤ ወይም በሐራጅ ተሰብስቦ ፊት ለፊት ዋጋ ይጠራራል። በኢቤይ ጨረታ ግን ለአብዛኛው ዕቃ ማስያዣ የለም። ያለማስያዣ የሚጫረት ሰው ካሸነፈ በኋላ ሳይከፍል ሊቀር ይችላል፤ ይህ የሻጮች የዘወትር ራስ ምታት ነው።

አሠራሩን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ተጫራቹ እስከ ስንት እንደሚሄድ በምስጢር ይመዘግባል፤ ማሽኑ በእሱ ስም ሌላውን ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይጨምርለታል። አንዱ 80 ዶላር፣ ሌላው 45 ዶላር ቢመዘግቡ ዕቃው በ46 ዶላር ይሸጣል። አሸናፊው የሚከፍለው ከተሸናፊው ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ነው ማለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ የዚህን ዓይነት ጨረታ ጠባይ ኢንተርኔት ሳይታሰብ በ1961 ተንትኖ ነበር፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ለሻጩ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የዕቃውን ዋጋ የሚወስነው ሁለተኛው ሰው ነው። አንድ ዕቃ እጅግ የሚወድ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ በመነሻው ዋጋ ይወስደዋል። በ99 ሳንቲም መነሻ የወጣ ጥሩ ካፖርት በ99 ሳንቲም ሊሄድ ይችላል፤ ሄዶም ያውቃል።

ከዚህ የተነሳ ጨረታው ራሱ ኢቤይ ላይ ቦታውን እየለቀቀ መጥቷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊራን አይናቭና ጆናታን ሌቪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጉዳዩን አጥንተውታል። በ2003 መጀመሪያ ኢቤይ ላይ ለሽያጭ ከወጣው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጨረታ ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን በቋሚ ዋጋ የሚሸጠው ሚዛኑን ደፋ። አጥኚዎቹ አንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለቱም መንገድ ሲሸጥ እያነጻጸሩ ባዩት ጊዜ በጨረታ የሚሄደው ዋጋው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ልዩነቱም ከዓመት ወደ ዓመት ሰፍቷል። ገዢው ጨረታው እስኪያልቅ ሰባት ቀን መጠበቅ ታከተው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨረታ መጫወቻም ነበር፤ ኋላ ግን ጨዋታው ሌላ ቦታ በሽ በሽ ሆነ።

ታዲያ ጨረታ ለምን ዓይነት ዕቃ ይበጃል? ዋጋው ለማይታወቅ ዕቃ። ሱቅ ውስጥ አቻ የሌለው፣ ሻጩም በእርግጠኝነት «ይህን ያህል ያወጣል» ሊል የማይችለው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ግን ሊሻሙበት የሚችሉት ዕቃ በጨረታ ይሻለዋል። ያገለገለ ስልክ፣ የታወቀ ሞዴል ጫማ፣ የዘንድሮ መማሪያ መጽሐፍ የመሳሰሉት ዋጋቸው ኢቤይ በሚያሳየው የተሸጡ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ይታያል፤ እነሱን በቋሚ ዋጋ አውጥቶ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። ጀማሪው አጥብቆ ማየት ያለበትም ይህንኑ የተሸጡትን ዝርዝር ነው። የሚጠየቀውን ዋጋማ ማንም እንዳሻው ይጽፋል።

ዕውቀት ዋጋ ሲሆን ለማየት ጠገራ ብር ጥሩ ምሳሌ ነው። በየጨረታ ገጹ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የተጻፈበት የብር ገንዘብ ይቀርባል። አዲስ ሰው ዓመቱን አይቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ያገኘ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ካረፈች በኋላ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየና፣ ሚላኖ፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም ከተሞች ውስጥ ሲቀረጽ ኖሯል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሳ የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በ1935 ሮም ላይ አስቀርጿል፤ እንግሊዞችም በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ ቀረጹ። እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 833 ከሺህ ነው፤ ይህም ሦስት አራተኛ ትሮይ አውንስ ገደማ ይሆናል። ተራው ጠገራ በብሩ ክብደት አካባቢ ይሸጣል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ግን የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የዕንቁ ብዛትና በንሥሩ ጅራት ላባዎች የሚለየው፣ ጥቂት ብቻ የተቀረጸው ዓይነት ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ዋጋ የቀረቡ ሁለት ብሮች ቢያይ የትኛውን እንደሚያነሳ ያውቃል። ለዚህ መነሻ ካፒታል አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ብዙ ምሽት ማንበብ ነው።

ያው ዕውቀት የማይነካውንም ያሳያል። የብራና መጻሕፍት፣ የክታብ ጥቅልሎች፣ የመቋሚያና የእጅ መስቀሎች በኢንተርኔት ጨረታ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ብራና ተገንጥሎ ገጽ በገጽ ይሸጣል። ይህ ሊወገዝ የሚገባው ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ሲበተን ማን እንደጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ ማን እንዳነበበው የሚናገረው ኅዳግ አብሮ ይጠፋል፤ ገዢው የሚያገኘው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቁራጭ ነው። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ፣ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች ለጨረታ ቀርበው ነበር፤ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው ወጥተው በኋላ አንድ ተቋም ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረክቧቸዋል። በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ በተመሳሳይ መንገድ ከጨረታ ወረደ። ከየት እንደመጣ፣ መቼ ከአገር እንደወጣ የሚገልጽ ወረቀት የሌለውን የኢትዮጵያ ብራና የሚገዛ ነጋዴ ራሱን ለክስ፣ ቅርሱን ለመበተን ይዳርጋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሰው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካለ የበጎ አድራጎት መደብር አንድ ያገለገለ ጃኬት በ12 ዶላር ገዛ እንበል። ኢቤይ ላይ መላኪያውን ራሱ ችሎ በ40 ዶላር ሸጠው። 28 ዶላር ያተረፈ ይመስላል። ኢቤይ ከየካቲት 2025 ጀምሮ የራሱ ሱቅ ለሌለው ሻጭ በአብዛኛው የዕቃ ዓይነት 13.6 በመቶ ይወስዳል፤ የሚያሰላውም ገዢው በሚከፍለው የሽያጭ ታክስ ጭምር ላይ ነው። ታክሱ 6 በመቶ ቢሆን ጠቅላላው 42 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል፤ ክፍያው በየትዕዛዙ ከሚታሰበው 40 ሳንቲም ጋር 6 ዶላር ከ17 ሳንቲም ይሆናል። ፖስታ ቤት 9 ዶላር፣ ማሸጊያ 1 ዶላር። የቀረው 11 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። መደብር ሄዶ መምረጥ፣ ማጠብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መግለጫ መጻፍ፣ ጥያቄ መመለስ፣ ማሸግ፣ ፖስታ ቤት ማድረስ ተደማምሮ ከአንድ ሰዓት አያንስም። በሜሪላንድ ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያም ከፍ ያደርገዋል። ቤንዚኑ፣ ያልተሸጡት ጃኬቶችና ተመልሶ የመጣው ጃኬት ገና አልተነሱም።

ይህ ስሌት ተስፋ ለማስቆረጥ የቀረበ አይደለም። ንግዱ የት ላይ እንደሚስተካከል ያሳያል። ጃኬቱ በ12 ፈንታ በ4 ዶላር ቢገዛ፣ ወይም ዓይኑ የለመደ ሰው ከዚያው መስቀያ 120 ዶላር የሚያወጣውን ቢለይ፣ የማጠብና የማሸግ ድካሙ ያው ሆኖ ገቢው ይለወጣል። ለዚህ ነው ነባር ሻጮች አንድ ዘርፍ ይዘው የሚጠልቁት፤ የድሮ ካሜራ፣ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ የሥራ ጫማ። ትንሽ፣ ቀላልና የማይሰበር ዕቃ ይመርጣሉ። መጻሕፍትን በአሜሪካ ፖስታ «ሚዲያ ሜይል» በተባለው ርካሽ አገልግሎት መላክ ይቻላል። ትልቅና ባዶ ሣጥን ግን በክብደቱ ሳይሆን በስፋቱ ተተምኖ የሻጩን ትርፍ ይበላል።

ርካሽ ዕቃ ፍለጋ ብዙዎችን ወደ ፓሌት ጨረታ፣ በእንጨት መደብ ላይ ተጭኖ በጅምላ ወደሚሸጥ ዕቃ፣ ይወስዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቸርቻሪዎች ፌዴሬሽን በ2024 ደንበኞች የሚመልሱት ዕቃ 890 ቢሊዮን ዶላር፣ ከጠቅላላው ሽያጭ 16.9 በመቶ እንደሚሆን ገምቶ ነበር። ከዚህ ከፊሉ በፓሌት ታስሮ በኢንተርኔት ይጫረታል። እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱ ተጫራች ስለሆነ አደጋው ይገለበጣል። በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ ጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች የጠበቁትን ያህል ለምን እንዳላተረፉ ጽፈው ነበር። ሁሉም በግምት በሚጫረትበት ቦታ የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የገመተ ነው። የተመለሱ ዕቃዎችን ፓሌት ፎቶ አይቶ ዋጋ የሚጠራ ጀማሪ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዕቃው አዲስ ሳለ የነበረው የመደብር ዋጋ ነው፤ የሠራና ያልሠራው አልተለየም፤ ከአሸናፊው ዋጋ በላይ የአጫራቹ ኮሚሽንና የጭነት መኪና ኪራይ አለ። ከዚያ ይልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ጉድዊል ከ1999 ጀምሮ በሚያካሂደው የኢንተርኔት ጨረታ አንድ አንድ ዕቃ እየገዙ መጀመር፣ ወይም ቤት የሚለቁ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በሚዘረጉት ሽያጭ ዕቃውን በእጅ ነክቶ መምረጥ ይመረጣል።

እምነት በዚህ ገበያ የሚለካ ነገር ነው። ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ ስመ ጥር የድሮ ፖስት ካርድ ሻጭ ተመሳሳይ ካርዶችን በነባር ስሙና ምንም ታሪክ በሌላቸው አዳዲስ ስሞች እንዲሸጥ አደረጉ። ነባሩ ስም 8.1 በመቶ ብልጫ አስገኘ። ስለዚህ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፉን ትቶ ስም ቢገነባ አይከስርም፤ ጉድለትን በፎቶ ማሳየት፣ በማግስቱ መላክ። ከ2008 ወዲህ ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት መስጠት አይችልም፤ ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም የሚል ገዢም ገንዘቡ ይመለስለታል። ይህን መብት አላግባብ የሚጠቀሙ ተንኮለኛ ገዢዎች አሉ፤ ወጪያቸውን እንደ ንግዱ ቋሚ ወጪ መያዝ ነው የሚሻለው።

የራስን ዕቃ በሌላ ስም እየተጫረቱ ዋጋ ማናር ደግሞ ወንጀል ነው። በ2000 አንድ የሳክራሜንቶ ጠበቃ፣ የታዋቂው ሠዓሊ ሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ እንዲመስል ያደረገውን ሥዕል በ25 ሳንቲም መነሻ ኢቤይ ላይ አወጣ። ጨረታው 135,805 ዶላር ደረሰ። ምርመራ ሲደረግ ጠበቃውና ግብረ አበሮቹ በየስሙ እየገቡ ዋጋ ሲጨምሩ እንደነበር ታወቀ፤ ጥፋተኛነቱን አምኖ የጥብቅና ፈቃዱን አጣ።

ግብሩን መርሳት ብዙዎችን ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ የራስን አሮጌ ሶፋ ከተገዛበት ባነሰ መሸጥ ግብር የለበትም። ለመሸጥ ብሎ የገዛ ሰው ግን ነጋዴ ነው፤ የተጣራ ትርፉ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ተቀጣሪነት ግብር ይመጣበታል። ኩባንያዎቹ የሻጩን ገቢ ለመንግሥት የሚያሳውቁበት ወለል በ2021 ሕግ ከ20 ሺህ ወደ 600 ዶላር እንዲወርድ ተወስኖ፣ አፈጻጸሙ ደጋግሞ ሲዘገይ ቆይቶ፣ በ2025 ሕግ ወደ ቀድሞው 20 ሺህ ዶላርና 200 ሽያጭ ተመልሷል። ወለሉ ኩባንያውን ይመለከታል፤ ሻጩ ከአንድ ዶላር ጀምሮ መዝግቦ የመያዝ ግዴታ አለበት። የግዢ ደረሰኝና የመኪና ኪሎ ሜትር መዝገብ የያዘ ሰው ወጪውን ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ ያልያዘ ካላተረፈው ላይ ይከፍላል።

አውሮፓ ላሉት ደንቡ ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ በዓመት 30 ሽያጭ የደረሰ ወይም ከ2 ሺህ ዩሮ ያለፈ ሻጭ ስሙ ለግብር ቢሮ ይተላለፋል። ጀርመን ውስጥ ኢቤይ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ የግል ሻጭን የሽያጭ ክፍያ አያስከፍልም፤ እንግሊዝም በ2024 ተከትሏል። ይህ ማበረታቻ ጨረታ ነጋዴውን አይመለከትም። በጀርመን ለትርፍ አዘውትሮ የሚሸጥ ሰው ንግዱን ማስመዝገብ አለበት፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2004 ከነጋዴ በኢቤይ ጨረታ የገዛ ሸማች ዕቃውን የመመለስ መብት አለው ብሏል። «በጨረታ የተሸጠ አይመለስም» ብሎ መጻፍ ፍራንክፈርት ላይ አያዋጣም።

ጨረታ ራሱ በሌላ በር እየተመለሰ ነው። በ2019 የተመሠረተው ዋትኖት ሻጮች በቀጥታ ቪዲዮ እየታዩ በሴኮንዶች የሚያልቅ ጨረታ የሚያካሂዱበት መድረክ ነው፤ አሻንጉሊት በሚሰበስቡ ሰዎች ጀምሮ ወደ ካርድ፣ ጫማና ልብስ ሰፍቷል። የሰባት ቀኑ ጥበቃ ቀርቶ የተሻሚዎቹ ግፊያ ተመልሷል። ሻጩ ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ መናገር አለበት፤ በአንድ ምሽት ብዙ ዕቃ ስለሚያልቅበትም የግዢው ጥያቄ ከቀድሞው ይከብደዋል። መናገር የሚችል፣ ዕቃ የሚያቀርብለት ሰው ያለው ይሞክረው፤ ለብቻው የጀመረ ሰው ባይቸኩል ይሻላል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአሜሪካ ገዢ የሀበሻ ልብስ፣ ጀበና ወይም የሽመና ሥራ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። አሜሪካ ለዓመታት ዋጋቸው እስከ 800 ዶላር የሆኑ ጥቅሎችን ያለቀረጥ ታስገባ ነበር፤ ይህ ነፃነት በግንቦት 2025 ለቻይና፣ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ቀርቷል። ያኔ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች አሠራሩ እስኪጠራ ድረስ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ጥቅል መቀበል አቁመው ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ የዋጋ ዝርዝር ይዞ መነሳት አይቻልም፤ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል፣ ገዢው በር ላይ ሲጠየቅ ዕቃውን ቢመልስ የመመለሻውን ማን እንደሚችል ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ተሰልቶ መግለጫው ላይ መጻፍ አለበት።